የኤርፖርቱ ነፋስ የአገሩ ነፋስ አይደለም

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ ከስልክ ወደ ስልክ ሲዞር እኔም ጋ ደረሰ። ድሬዳዋና ሐረር ለነፋስ ኃይል የማይሆኑ አካባቢዎች ናቸው ይላል። ጸሐፊው ጊዜ ወስደው፣ አስበውበት እንደጻፉት ያስታውቃል። መነሻቸውም ጥሩ ነው። የሕዝብ ገንዘብ በባዶ ተስፋ እንዳይባክን ነው የፈለጉት። እኔም የምፈልገው ይሄንኑ ነው። መደምደሚያቸው ግን ከያዙት ማስረጃ በጣም ርቆ ሄዶብኛል።

ላላነበበው ሰው ባጭሩ ልናገር። ጽሑፉ እንዲህ ይላል። የድሬዳዋ ኤርፖርት ነፋስ በአማካይ በሰከንድ 3 ሜትር ገደማ ስለሆነ አካባቢው፣ ምሥራቁ በሙሉ፣ ነፋስ የለውም። በጅቡቲ ድንበር በኩል ያለው የአይሻ ነፋስ የበረሃ ነገር ነው፣ እኛን አይመለከትም። አየራችን ሞቃትና ስስ ስለሆነ በነፋስ እየዞረ ኤሌክትሪክ የሚያመነጨው ተርባይን አቅም ያጣል። የሕዳሴ ግድብ አልቋል፣ ሌላ ማመንጫ ትርፍ ነው። ነፋስ ደግሞ አይታመንም። የተርባይን ክንፍ ከድሬ ወደ ሐረር የሚወስደውን የደንገጎን ጥምዝምዝ ዳገት አይወጣም፣ ወፎችንም ይፈጃል። እና መጨረሻው ላይ «ስለዚህ ጥናት እንኳ አያስፈልግም» ብሎ ይዘጋል።

ዝም እንዳልል ያደረገኝ ይህ የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ነው። በሌላው ብንከራከር፣ ብንተራረም ይቻላል። ሳይለኩ «የለም» ማለት ግን ሳይለኩ «ሞልቷል» ከማለት በምን ይሻላል?

እኔ ድሬ ተወልጄ ሳቢያን ያደግኩ፣ አሁንም እዚያው ኤሌክትሪክ የማስተምር ሰው ነኝ። ከተማዬን እወዳታለሁ። ይህ ግን ነፋሷን በጭማሪ እንድናገርላት አያደርገኝም።

ከኤርፖርቱ ልጀምር። ጽሑፉ የቆመው በእሱ ላይ ነውና። ጸሐፊው ያቀረቡትን 3 ሜትር በሰከንድ እንዳለ ልቀበለው። ግን ይህ ቁጥር የተለካው ስንት ሜትር ከፍታ ላይ ነው? የሚቲዎሮሎጂ ጣቢያዎች ነፋስን የሚለኩት ከመሬት 10 ሜትር ከፍ ብለው ነው። የዓለም መስፈርቱ እንዲያ ነው። ለአውሮፕላንና ለአየር ጠባይ ትንበያ ይበቃል። ተርባይን ግን 10 ሜትር ላይ አይሽከረከርም። ዛሬ የሚተከሉት ተርባይኖች ክንፎቹ የሚዞሩበት እምብርታቸው 80፣ 100 ሜትር ላይ ነው። ነፋስ መሬት አጠገብ ሲሆን ከዛፉ፣ ከቤቱ፣ ከአጥሩ ጋር እየተጋጨ ይደክማል። ወደ ላይ ሲወጡ ግን የሚይዘው ነገር እየቀነሰ ይሄዳል።

ለገላጣ ሜዳ በተለምዶ የሚሠራበት ቀመር አለ። በእሱ ከሄድን 10 ሜትር ላይ 3 የነበረው ፍጥነት 80 ሜትር ላይ 4 ገደማ ይሆናል። «አንድ ሜትር ብቻ ጨመረ፣ ምን ዋጋ አለው?» የሚል ይኖራል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። የነፋስ ጉልበት ከፍጥነቱ ጋር እኩል አይደለም የሚያድገው። ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ጉልበቱ ስምንት እጥፍ ይሆናል። ሁለት ጊዜ ሁለት ጊዜ ሁለት። ስለዚህ ከ3 ወደ 4 መውጣት ማለት ጉልበቱ ከእጥፍ በላይ አደገ ማለት ነው።

አማካይ የሚባለውም ነገር ጣጣ አለው። ተማሪዎቼን የማስረዳበትን ምሳሌ ላምጣ። ሁለት ቦታ እናስብ። አንደኛው ቦታ ቀኑን ሙሉ፣ ሌሊቱን ሙሉ በሰከንድ 5 ሜትር ይነፍሳል። ሌላው 12 ሰዓት ሙሉ 2 ሜትር ብቻ ነው፣ ቀሪውን 12 ሰዓት ደግሞ 8 ሜትር ይነፍሳል። የሁለቱም አማካይ 5 ነው። ወረቀት ላይ መንትያ ናቸው። ጉልበታቸውን ስናሰላ ግን ሁለተኛው ከመጀመሪያው እጥፍ በላይ ይሰጣል። ድሬን የሚያውቅ ሰው የትኛውን እንደምትመስል ያውቃል። ቀትር ላይ ቅጠል የማይነቃነቅበት ሰዓት አለ። ሰው ሁሉ ሽርጡን አገልድሞ ጥላ የሚፈልግበት ሰዓት ነው። ከዚያ አመሻሹ ላይ ከተራራው በኩል ይመጣና በር ይደበድባል። እንዲህ ያለውን ቀን በአንድ አማካይ ቁጥር መግለጽ አይቻልም።

ይህን ሁሉ ብዬም ኤርፖርቱ አጠገብ ተርባይን ይተከል አልልም። 80 ሜትር ላይ 4 ሜትር በሰከንድ ለንግድ አያዋጣም። አልሚዎች በአብዛኛው የሚፈልጉት 6 ተኩል፣ 7ና ከዚያ በላይ ነው። በዚህ ጸሐፊው ልክ ናቸው። ግን ኤርፖርት የሚሠራው ሜዳና የተረጋጋ ቦታ ተፈልጎ ነው። ለነፋስ ማመንጫ የምንፈልገው ነፋሻ ቦታ ነው። እዚያ አጣን ብለን ደንገጎም፣ ሽንሌም፣ የሐረማያ ዳገትም የላቸውም ማለት እንዴት ይቻላል? ድሬ 1,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ ተራራ ሥር የተቀመጠች ከተማ ነች። መንገዱ ወደ ሐረር ሲወጣ ጥቂት ኪሎ ሜትር ሳይሄድ 2,000 ሜትር አካባቢ ይደርሳል። በዚህ አጭር ርቀት የሙቀቱ፣ የዝናቡ፣ የሰብሉ ዓይነት ይለወጣል። ነፋሱ ብቻ ሳይለወጥ ይቀራል?

ባለፈው በጋ በእጅ የሚያዝ የነፋስ መለኪያ ይዤ ደንገጎ ወጣሁ። የሐረር ሚኒባስ ዳገቱን እንደጨረሰ አወረደን። አንድ የቀድሞ ተማሪዬ አብሮኝ ነበር። ኦሮምኛው ከእኔ ይሻላል። ከአስፋልቱ ወጥተን በሸንተረሩ ጀርባ ሄድን። መጀመሪያ ዓይኔን የያዘው ዛፎቹ ናቸው። ሸንተረሩ ጫፍ ላይ ያሉት ቀጥ ብለው አልቆሙም። ቅርንጫፋቸው በአንድ ወገን ሳስቷል፣ በሌላው ወገን ተንዠርግጓል። ባለሙያዎች ይህን እንደ መጀመሪያ ፍንጭ ይቆጥሩታል። ነፋስ ዓመት እስከ ዓመት ከአንድ አቅጣጫ ሲገፋ ዛፍ ቅርጹን ይለውጣል።

ትንሽ እልፍ ብሎ አንድ ቆርቆሮ ቤት አለ። ጣሪያው ላይ ድንጋይ ተጭኗል። ይሄ በራሱ አዲስ ነገር አይደለም፣ በየገጠሩ አለ። እኔን የገረመኝ አቀማመጡ ነው። በአንዱ ተዳፋት ላይ ሦስት ድንጋይ ብቻ አለ። በሌላው ላይ ግን ከዳር እስከ ዳር ጥቅጥቅ ብሎ ተደርድሯል። አዛውንቱ ባለቤት ደጃፋቸው ተቀምጠው ነበር። ሰላም ብለን «አባቴ፣ ድንጋዩ ለምን በዚህ በኩል በዛ?» አልናቸው። ተነሥተው ከቤቱ ጥግ አደረሱንና ምስማሮቹን በከዘራቸው አሳዩን። በዚያ በኩል ምስማሩ ሁሉ አዲስ ነው። ዝናቡ ካቆመ በኋላ፣ በጋው ሲጠና፣ ሁልጊዜ የሚነቀለው በዚህ በኩል እንደሆነ ነገሩን። የሌላው ወገን ምስማር ከነዝገቱ ቆይቷል። ቤቱ ከተሠራ ጀምሮ አልተነካም አሉ።

መለኪያዬን አወጣሁ። ኩባያዎቹ ወዲያው መሽከርከር ጀመሩ። ተማሪዬ ቁጥሩን እያየ «አቦ!» አለ። ያን ቁጥር ግን እዚህ አልጽፈውም። የአንድ ከሰዓት በኋላ ንባብ፣ ያውም በሰው እጅ ከፍታ፣ ማስረጃ አይሆንም። ብጽፈው ጸሐፊው በኤርፖርቱ ቁጥር ያደረጉትን ስሕተት እኔ በደንገጎ ቁጥር እደግመዋለሁ። ከዛፉና ከምስማሩ የምወስደው አንድ ነገር ነው። እዚህ ቦታ ላይ መለካት የሚገባው ነገር አለ።

ሸንተረር ሁሉ ጥሩ ነው ማለቴም አይደለም። ለስላሳ ጉብታ ላይ ነፋስ ይፈጥናል። ቀጥ ያለ ገደል ሲያገኝ ግን ይጠማዘዛል፣ ይሽከረከራል። እንዲህ ያለው ነፋስ ተርባይንን ያናውጣል፣ ማርሹንና ክንፉን ያደክማል። የደንገጎ አፋፍ ብዙ ቦታ ቀጥ ያለ ነው። ጥሩው ቦታ ጫፉ ላይ ይሁን፣ ወደ ኋላ ገባ ብሎ ይሁን፣ ወይም ጭራሽ አይኑር፣ ቆሞ በማየት አይታወቅም።

ወደ አይሻ ልለፍ። «የበረሃ ነገር ነው» የሚለው ግማሽ እውነት ነው። አይሻ በሶማሌ ክልል፣ በጅቡቲ ድንበር በኩል ነው። ከድሬ በአየር መስመር 150 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። 120 ሜጋ ዋት የነፋስ ማመንጫ የታቀደበት ቦታ ነው። ድንበሩን ስንሻገር ጅቡቲ ጎቤት ላይ እ.ኤ.አ. በ2023 ያስመረቀችው 60 ሜጋ ዋት የነፋስ ማመንጫ አለ። ይህ ማለት አይሻ ስለነፈሰ ድሬም ይነፍሳል ማለት አይደለም። በዚህ ከጸሐፊው ጋር አንድ ነኝ። ነፋስ በባቡር አይመጣም። ግን «ምሥራቁ ነፋስ የለውም» ብለው በጅምላ ሲጽፉ አይሻ ምሥራቅ መሆኑን ረስተውታል። በአይሻና በድሬ መካከል ደግሞ ሽንሌ አለ፣ አዲጋላ አለ። ያ ሁሉ ሜዳ ነፋሱ የት ላይ እንደሚደክም እስኪለካ ድረስ ባዶ ነው ሊባል አይችልም።

በሌላው ጽንፍ ያሉትንም ልንካ። በየመድረኩ ኢትዮጵያ 1,350 ጊጋ ዋት የነፋስ አቅም አላት ይባላል። አንድ ጊጋ ዋት 1,000 ሜጋ ዋት ነውና፣ ይህ ቁጥር የሕዳሴ ግድብ 5,150 ሜጋ ዋት ከ260 እጥፍ በላይ ነው። በካርታ የተገመተና በመሬት ላይ ሊገነባ የሚችል አቅም የተለያዩ ናቸው። ከተገመተው ላይ መንደሩን፣ እርሻውን፣ ገደሉን፣ ከመስመር የራቀውን፣ የማያዋጣውን ሲቀንሱ የሚቀረው ትንሽ ነው። የካርታ ሞዴሎች ጠቃሚ ናቸው፣ እኔም እጠቀማለሁ። ዓለም አቀፉ የነፋስ አትላስ በ250 ሜትር ርቀት እየከፋፈለ ያሳያል። ይህም የት መለኪያ እንትከል ለሚለው ጥያቄ ይረዳል። መለኪያውን ግን አይተካም።

ስስ አየር ላይ ጸሐፊው የተናገሩት ፊዚክሱ ትክክል ነው። ያጎደሉት ሂሳቡን ነው። ባሕር ጠለል ላይ አንድ ሜትር ኩብ አየር 1.225 ኪሎ ግራም ይመዝናል። በድሬ ከፍታና ሙቀት 1.02 ገደማ ነው። በደንገጎ ከፍታ 0.95 አካባቢ ይወርዳል። ስለዚህ ድሬ ላይ 17 በመቶ፣ ደንገጎ ላይ 22 በመቶ ገደማ ጉልበት እናጣለን። ትልቅ ይመስላል። ነገር ግን ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ጉልበቱ ስምንት እጥፍ የሚያድግ መሆኑን አንርሳ። ደንገጎ ላይ የጎደለውን ለመተካት ነፋሱ በ9 በመቶ ብቻ ቢፈጥን ይበቃል። ባሕር ዳርቻ ላይ 7 ሜትር የሚነፍስ ነፋስ የሚሰጠውን፣ ደንገጎ ላይ 7.6 ሜትር የሚነፍሰው ይሰጣል። ከዚህም በላይ የአገራችን ነባር የነፋስ ማመንጫዎች ከፍታ ላይ ናቸው። በ2006 የተመረቀው አሸጎዳ፣ 120 ሜጋ ዋት፣ ከ2,000 ሜትር በላይ ነው። አዳማ አንድና ሁለት፣ 51 እና 153 ሜጋ ዋት፣ ከደንገጎ ብዙም በማይርቅ ከፍታ ላይ ቆመው እየሠሩ ነው። ሙቀቱና አቧራው የሚያሳስበኝ ከስስነቱ ይልቅ ነው። ክንፍ በአሸዋ ይበላል፣ ቀትር ላይ ማቀዝቀዣው ይቸገራል። ጽሑፉ ይህን አላነሣውም። ቢያነሣው ጠንካራ ነጥብ ይሆን ነበር።

አሁን ወደ ሕዳሴ ግድብ። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ሲመረቅ እንደ ማንኛውም ሰው ደስ ብሎኛል። በራሴ ደመወዝም ቦንድ ገዝቻለሁ። «ግድቡ አለና ነፋስ አያስፈልግም» የሚለው ግን የሁለቱን ዝምድና አገላብጦታል። የአገሪቱ ኤሌክትሪክ ከ90 በመቶ በላይ ከውኃ ነው። ውኃ ሲጎድል ምን እንደሚሆን በ2011 ግንቦት አይተናል። የጊቤ ሦስት ግድብ ውኃ ወርዶ በመላ አገሪቱ በፈረቃ መብራት ተዳረሰን። የድሬ ሰው ያንን ወቅት በደንብ ያስታውሰዋል። በዚህ ሙቀት ማራገቢያ ማጣት፣ ፍሪጅ ውስጥ ያለ መድኃኒት መበላሸት ቀልድ አይደለም። ጎረቤታችን የነበሩ አንዲት እናት ለኢንሱሊናቸው በረዶ ፍለጋ በባጃጅ ከተማውን ሲዞሩ አይቻለሁ።

በጋ ላይ ግድቦች ዝናብ አይገባላቸውም። የነፋስ ማመንጫዎቻችን ደግሞ በአብዛኛው የሚበረቱት በደረቁ ወራት ነው። ነፋስ ሲነፍስ ውኃው ግድቡ ውስጥ ይቆያል፣ ነፋስ ሲቆም ውኃው ይለቀቃል። ግድቡ ለነፋስ ባትሪ ይሆንለታል። ሁለቱ ተፎካካሪ ሳይሆኑ ባልና ሚስት ናቸው ማለት ይቻላል። «ነፋስ አይታመንም» ለሚለው ነጥብም መልሴ እዚህ ውስጥ ስላለ አልደግመውም።

ርቀትም አለ። ግድቡ ጉባ ነው። ከድሬ በአየር መስመር ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። መስመሩ በረዘመ ቁጥር በመንገድ ላይ የሚባክነው ይበዛል፣ አንድ ምሰሶ በወደቀ ቁጥር ጨለማ ውስጥ የሚገባው ሰው ይበዛል። በእኛ በኩል ደግሞ የሚፈልገው ብዙ ነው። የሲሚንቶ ፋብሪካዎቹ፣ የኢንዱስትሪ ፓርኩ፣ በኤሌክትሪክ የሚሄደው የጅቡቲ ባቡር አሉ። እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ ከድሬ ወደ ጅቡቲ የተዘረጋ የ230 ኪሎ ቮልት መስመርም አለን። ብዙ አገር ጥሩ ነፋስ አግኝቶ መስመር በማጣት ይቸገራል። እኛ ጋ መስመሩ ቀድሞ ተዘርግቷል።

መንገዱን በተመለከተ ጸሐፊውን እቀበላለሁ። የ1.5 ሜጋ ዋት ተርባይን አንዱ ክንፍ ከ35 ሜትር በላይ ነው፣ ሳይቆረጥ ሳይታጠፍ ነው የሚጓጓዘው። የደንገጎን ኩርባዎች የሚያውቅ ሾፌር ይህን ሲሰማ ጭንቅላቱን ይይዛል። ስለዚህ ደንገጎ ነፋስ ቢኖረውም መንገዱ ሊያሳጣው ይችላል። በቆላው በኩል ግን ይህ ችግር የለም። ከጅቡቲ ወደብ እስከ ድሬ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ መንገዱም ሜዳ ለሜዳ ነው። ይህም ሽንሌ በኩል ቀድሞ እንዲለካ የሚያደርግ ምክንያት ነው።

የወፎቹን ነገር ግን ጽሑፉ በአንድ መስመር ማለፉ አሳዝኖኛል። ከሁሉም ነጥቦቻቸው ክብደት ያለው እሱ ነበር። በየመንና በጅቡቲ መካከል ያለው ጠባብ ባሕር፣ ባብ ኤል መንደብ፣ በዓለም ላይ ካሉት ዋና ዋና የንስርና የጭልፊት መተላለፊያዎች አንዱ ነው። ከአውሮፓና ከእስያ ብርድ ሸሽተው የሚመጡት ወፎች ባሕሩን በጠባቡ በኩል ተሻግረው በጅቡቲ ወደ እኛ ይገባሉ። ክንፋቸውን ሳይመቱ፣ በሞቀ አየርና በሸንተረር ነፋስ እየተንሳፈፉ ነው የሚጓዙት። ተርባይን የሚፈልገውን ሸንተረር እነሱም ይፈልጉታል። ስለዚህ የነፋስ መለኪያ ሲተከል የወፍ ቆጣሪም አብሮ መቀመጥ አለበት። ቢያንስ በመስከረምና በጥቅምት፣ ከዚያም ሲመለሱ በየካቲትና በመጋቢት። የሚበዙበት ሸንተረር ከተገኘ መተው ነው። ሐረር በኩል ቆንዱዶንም እንደዚያው እላለሁ። የዱር ፈረሶች ያሉበት ተራራ ነው፣ ነፋሱ ምንም ቢሆን ተርባይን አይተከልበት። በሐረርና በአወዳይ ዙሪያ ደግሞ መሬቱ በጫትና በማሽላ ጠቧል፣ ገበሬው በጥማድ የሚቆጥረው መሬት ነው። እዚያ ብዙ ተስፋ የለኝም።

እንግዲህ የምጠይቀው ማመንጫ አይደለም። ሦስት የመለኪያ ምሰሶ ነው። አንዱ ሽንሌ ሜዳ ላይ፣ አንዱ አዲጋላ አካባቢ፣ አንዱ ደንገጎ ጀርባ ላይ። እያንዳንዱ 80 ሜትር ይሁን። በሦስት ከፍታ የፍጥነት መለኪያ፣ ላይኛው ጫፍ ላይ ሁለት፣ ግራና ቀኝ። ምሰሶው ራሱ ነፋስ ስለሚጋርድ አንዱ ሲጋረድ ሌላው ይነበባል። የአቅጣጫ ጠቋሚ፣ የሙቀትና የአየር ግፊት መለኪያ ይኑረው። መሣሪያው በየ10 ደቂቃው አማካዩን ይመዘግባል። በአንድ ዓመት 52,560 መስመር ይሆናል። ከዓመት በታች መለካት አይረባም፣ በጋውን ይዞ ክረምቱን ይስታልና። ከዚያ ያ ዓመት የተለየ ነፋሻ ወይም የተለየ ጸጥተኛ እንደነበር ከረጅም ዘመን የአየር ጠባይ መረጃ ጋር ይመሳከራል።

ውጤቱም ለሕዝብ ይገለጥ። ከሦስቱ አንዱም ካልሆነ እኔ ራሴ ጽፌ «ጸሐፊው ልክ ነበሩ፣ ነፋስ የለም» እላለሁ። ያን ቀን ግን በኤርፖርት አማካይ ሳይሆን በ52,560 መስመር እንነጋገራለን።

ደንገጎ ያገኘናቸው አዛውንት ሲሸኙን የጠየቁን ነገር እስካሁን ያሳስበኛል። የምሰሶውን ነገር ሲሰሙ «በሽቦ ነው የሚታሰረው?» አሉ። አዎ አልናቸው፣ በአራት በኩል። «እንግዲያው ፍየሎቻችን የሚሄዱበትን መንገድ ሳትጠይቁ እንዳታስሩት» አሉን። እስካሁን ካነበብኳቸው የነፋስ ጥናት መመሪያዎች ፍየል የሚያነሣ አላጋጠመኝም። ለማንኛውም በደብተሬ ላይ፣ ከዛፉና ከምስማሩ ሥር፣ ጻፍኩት።